የአንዲት የላቦራቶሪ ወረቀት ንባብና ትርጓሜ

ትርጓሜ ቤት የዋለ ሰው ልማዱን ያውቀዋል። መምህሩ አስቀድሞ ንባቡን ያሰማል፤ ተማሪው ይቀበላል፤ ንባቡ ሳይቀና ወደ ፍቺው መሻገር የለም። ከቀና በኋላ "አንድም" እየተባለ ይዘረዘራል። አንዱ ቃል ሁለትና ሦስት ፍቺ ቢያወጣ መምህሩ አያፍርበትም፤ የሚገሥጸው አንዱን ፍቺ ብቻ ይዞ የሚሮጠውን ተማሪ ነው። ዛሬ የምንማረው ከብራና ላይ ሳይሆን ከአንዲት የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ነው፤ አካሄዱን ግን ከዚያው ቤት እንዋሰው።

ወረቀቷ የማንም ሕመምተኛ አይደለችም፤ ለትምህርት ያዘጋጀኋት ናት። እንዲህ ትነበባለች፦ ሴት፣ ዕድሜ 29፣ ባሕር ዳር። ኢ.ኤስ.አር 88። ሲ.አር.ፒ ኔጋቲቭ። ሄሞግሎቢን 10.2። በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሁለት ፕላስ። ኤ.ኤን.ኤ ፖዘቲቭ። ንባቡ ይህ ነው። ደግማችሁ አንብቡት፤ በተለይ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቃል፣ አንዱ እየጮኸ ሌላው ዝም ማለቱን ልብ በሉ።

ባለወረቀቷ እንዴት እዚህ እንደደረሰች እናስብ። መጀመሪያ ጣቶቿ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ አሉ፤ ቤተሰቧ "ቁርጥማት ነው" አለ። ቀጥሎ ጉንጯና የአፍንጫዋ ድልድይ ላይ ሽፍታ ወጣ፤ ጎረቤት "ማድያት ነው፣ ከወሊድ በኋላ ይመጣል" አለች። ከዚያ አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ትኩሳት ያዛት፤ እናቷ "ምች መታት" ብላ ዳማከሴ አሸችላት። እነዚህን ስሞች በንቀት የሚያልፍ ባለሙያ ይሳሳታል እላለሁ። ሕዝባችን ፀሐይ ሰውን እንደምትመታና ከፀሐይ በኋላ ትኩሳትና ሽፍታ እንደሚከተል ከጥንት አስተውሏል። ብዙው ምች ሌላ ነገር ነው፤ ነገር ግን ፀሐይ በመታት ቁጥር ምች የሚይዛት ወጣት፣ መጋጠሚያዋም የሚያብጥ ከሆነ፣ ያ ምች ሌላ ስም ሊኖረው ይችላል፦ ሉፐስ። ማድያትም እንዲሁ ነው። ማድያት ቡናማና ለጥ ያለ ነው፤ ለወራት ሳይለወጥ ይቆያል። የሉፐስ ሽፍታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ከፍ ይላል፤ በጠይም ቆዳ ላይ ከቀይ ይልቅ ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ ከአፍንጫ ጎን ወደ ከንፈር የሚወርደውን እጥፋት ይዘላል፤ ፀሐይ ባገኘው ቁጥርም ይብሳል።

ሉፐስ ማለት እንግዲህ ይህ ነው፦ ከተዋህስያን ጋር እንዲዋጋ የተሰጠን ኃይል የገዛ ሕዋሳችንን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲዋጋው። ከአሥር ሕሙማን ዘጠኙ ያህል ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም በወሊድ ዕድሜ ላይ ያሉ። ቆዳን፣ መጋጠሚያን፣ ኩላሊትን፣ የሳንባና የልብ ሽፋንን፣ ደምን ሊነካ ይችላል። ፀሐይ ደግሞ ከታወቁት ቀስቃሾቹ አንዷ ናት። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ላይ ተቀምጣለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ይሳሳል፤ የፀሐይ ጎጂ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ፀሐይ ቀጥ ብላ ከራሳችን በላይ የምትቆመው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ በሚያዝያ አጋማሽ አካባቢና በፍልሰታ ፍቺ ሰሞን። የነሐሴውን ደመና ይጋርደዋል፤ የሚያዝያውን የሚጋርድ ግን የለም። ስለዚህ ለሉፐስ ሕመምተኛ ነጠላና ጃንጥላ ከመድኃኒቷ ተነጥለው የሚታዩ አይደሉም።

አሁን ወደ ንባቡ።

"ኢ.ኤስ.አር 88።" ይህ ምርመራ ከምርመራዎች ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ጤና ጣቢያ እንኳ ይሠራዋል። ደም እንዳይረጋ ከሚያደርግ ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ በቀጭን ቱቦ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አንድ ሰዓት ይጠበቃል፤ ቀዩ ክፍል ስንት ሚሊ ሜትር ወደ ታች እንደወረደ ይለካል። ለምን ይወርዳል? በክረምት ርብና ጉማራ ፎገራን አቋርጠው ወደ ጣና የሚያገቡትን ድፍርስ ውሃ በብርጭቆ ቀድታችሁ አስቀምጡት። የደቀቀው አፈር ቀስ ብሎ ይዘቅጣል፤ የተጓጎለው ፈጥኖ ይዘቅጣል። ቀይ የደም ሕዋሳትም በተፈጥሯቸው ይገፋፋሉ፣ አንዱ ሌላውን አያስጠጋም። ሰውነት ሲቆጣ ግን ጉበት ፋይብሪኖጅን የተባለውን ፕሮቲን አብዝቶ ይለቃል፤ በሉፐስ ደግሞ ፀረ እንግዳ አካላት በደሙ ውስጥ ይበዛሉ። እነዚህ በመካከላቸው ሲገቡ መገፋፋቱ ይቀንሳል፤ ሕዋሳቱ በመሶብ እንደተደራረበ እንጀራ አንዱ በአንዱ ላይ ይነባበራሉ፤ ንብሩም ይከብድና ፈጥኖ ይወርዳል። በ29 ዓመት ሴት ከ20 በላይ ካለፈ ከፍ አለ እንላለን። 88 በጣም ከፍ ያለ ነው።

ትርጓሜው? ሉፐሱ ተነሥቷል። አንድም፣ የደም ማነስ ነው፤ ሄሞግሎቢኗ 10.2 ነውና፣ ሕዋሳቱ ሲቀንሱ ያለ ብዙ ግጭት ይወርዳሉ። አንድም፣ ኩላሊቷ ፕሮቲን እያፈሰሰ ነው፤ ይህም ብቻውን ቁጥሩን ያንረዋል። አንድም፣ ሳምባ ነቀርሳ ነው፤ በአገራችን ይህን ፍቺ የረሳ ሰው ትርጓሜ አልተማረም። አንድም፣ እርግዝና ነው። ስዊድናዊው ፎሬዩስ እ.ኤ.አ. በ1918 ይህን ምርመራ ሲያጠና የነፍሰ ጡሮች ደም ፈጥኖ መውረዱን አይቶ የእርግዝና ምርመራ ይሆን እንደሆነ አስቦ ነበር። አንድም፣ ካለፈው ወር ሕመም የተረፈ ነው፤ ኢ.ኤስ.አር ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎም ይወርዳል፤ ሕመሙ ሄዶ እርሱ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

"ሲ.አር.ፒ ኔጋቲቭ።" ሲ.አር.ፒ ጉበት የሚሠራው ሌላ ፕሮቲን ነው። ቲሌትና ፍራንሲስ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1930 ኒውዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም፣ በሳንባ ምች በታመሙ ሰዎች ደም ውስጥ አገኙት። ተዋህሲ ሲገባ ወይም ሥጋ ሲጎዳ ኢንተርሉኪን 6 የተባለ መልእክተኛ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ ጉበትም በሰዓታት ውስጥ ሲ.አር.ፒን በመቶ እጥፍ ሊያበዛው ይችላል። እሳቱ ሲጠፋም ፈጥኖ ይወርዳል። ከኢ.ኤስ.አር የሚበልጥበት ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተማሪ እጁን ያነሣል ብዬ እጠብቃለሁ። "ሉፐስ መቆጣት ከሆነ፣ ሲ.አር.ፒም የመቆጣት ምልክት ከሆነ፣ ኢ.ኤስ.አሩ እየጮኸ ይህኛው ለምን ዝም አለ? ላቦራቶሪው ተሳስቶ ይሆን?"

ጥያቄው የትምህርቱ ሁሉ በር ነውና በዚህ ላይ እንቆይ። ላቦራቶሪው አልተሳሳተም። የሉፐስ ዋነኛ ነዳጅ ኢንተርፌሮን ይባላል፤ ሰውነት ቫይረስን ለመከላከል የሚያመነጨው ነው። በአብዛኞቹ ሕሙማን ደም ውስጥ ቫይረስ ሳይኖር ቫይረስ የገባ ይመስል ኢንተርፌሮን ይፈስሳል። ይኸው ኢንተርፌሮን ጉበት ሲ.አር.ፒ እንዳይሠራ ይገታዋል። ስለዚህ በሉፐስ ቤቱ እየተቃጠለ ሲ.አር.ፒ ዝም ሊል ይችላል። ደንቡ ያለ ልዩ ሁኔታ አይደለም፤ የሳንባ ወይም የልብ ሽፋን ሲቆጣ፣ አንዳንዴም መጋጠሚያ ክፉኛ ሲያብጥ፣ በሉፐስም ሲ.አር.ፒ ከፍ ይላል።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ የሥራ ሕግ ይወጣል። ኢ.ኤስ.አር ከፍ ብሎ ሲ.አር.ፒ ዝቅ ካለ ሉፐሱ ሳይነሣ አልቀረም። ሁለቱም ከፍ ካሉ፣ በተለይ ሲ.አር.ፒው 50ንና 60ን ካለፈ፣ መቆጣትን የሚያበርደውን ፕሬድኒሶሎን ከመጨመራችን በፊት ኢንፌክሽን እንፈልግ፦ የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ፣ ቲቢ፣ በጣና ዳር ደግሞ ወባ። መቆጣቱ ከተዋህሲ ሆኖ ሳለ የመከላከያ ኃይሏን የሚያዳክም መድኃኒት መጨመር በእሳት ላይ ነዳጅ ማፍሰስ ነው። ይህን ሕግ በአንድ ሌሊት ተረኛነት የተማረ ሐኪም ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

ሌላም ነገር አለ። በብዙ ላቦራቶሪዎቻችን ሲ.አር.ፒ የሚሠራው በቁጥር አይደለም፤ ጠብታ ከላቴክስ ጋር ተቀላቅሎ ከተጓጎለ ፖዘቲቭ፣ ካልተጓጎለ ኔጋቲቭ ይባላል። ያ መጓጎል የሚጀምረው በሊትር 6 ሚሊ ግራም ገደማ ሲደርስ ነው። እንግዲህ "ኔጋቲቭ" ማለት "የለም" ማለት አይደለም፤ "ከ6 በታች ነው" ማለት ነው። ይህን ያዙ፤ ወደ ልብ ስንሻገር እንፈልገዋለን።

አሁን ባለወረቀቷ ራሷ ትጠይቅ። "ዶክተር፣ ሲ.አር.ፒዬ ኔጋቲቭ ከሆነ የደም ሥሬ ደህና ነው ማለት ነው?"

የዚህን መልስ ከጣና እንማር። እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ ጎልቶ የታየው በ2004 ዓ.ም ገደማ ነው፤ ከሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ ከደምቢያና ከፎገራ ወገን ይዞ ተስፋፋ። ታንኳ ቀዛፊ የሚያውቀው ነገር አለ፦ እምቦጭ የሸፈነው ውሃ ማዕበል የለውም። ነፋስ ሲነሣ ክፍቱ ውሃ ይናወጣል፤ እምቦጩ ያለበት ግን ለጥ ይላል። ከሩቅ ላየው ሰላም ነው። ከሥሩ ግን ብርሃን አይገባም፣ አየሩ ያልቃል፣ ዓሣው ይሸሻል። የሲ.አር.ፒ ዝምታም እንዲህ ያለ ዝምታ ሊሆን ይችላል።

ይህ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 ቶሮንቶ ውስጥ ኡሮዊትዝ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ 81 የሉፐስ ሕሙማንን ተከታትለው 11 መሞታቸውን ጻፉ። ስድስቱ የሞቱት በሽታው በታወቀ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው፤ ሉፐሱ ራሱና ኢንፌክሽን ገደሏቸው። የቀሩት አምስቱ ግን በአማካይ ከስምንት ዓመት ተኩል በላይ ቆይተው ነው፤ በእነዚያ ላይ የተገኘው የልብ ደም ቅዳ መዘጋት ነበር። ሐኪሞቹ የመጀመሪያውን ማዕበል ሲያሳልፉ ሁለተኛው ከኋላ ይመጣ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ሱዛን ማንዚ በፒትስበርግ ከ35 እስከ 44 ዓመት የሆኑ ሉፐስ ያለባቸውን ሴቶች፣ የልብ በሽታን ለዓመታት በተከታተለው የፍራሚንግሃም ጥናት ካሉ እኩዮቻቸው ጋር አነጻጸረች። የልብ ጥቃት ዕድላቸው ከ50 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ይህን ቁጥር ስትሰሙ አትደንግጡ፣ አትናቁትም። በዚያ ዕድሜ ጤነኛ ሴት በልብ ጥቃት መያዝ እጅግ ብርቅ ነው፤ የብርቁ 50 እጥፍ "አብዛኞቹ ይታመማሉ" ማለት አይደለም። "በዚህ ዕድሜ አይደርስባትም ብለህ አትለፋት" ማለት ነው።

"ምናልባት የደም ግፊትና ኮሌስትሮል ስላለባቸው ይሆናል" የሚል ይኖራል። ካናዳዊው ኤስዴይል እ.ኤ.አ. በ2001 ያንን ሁሉ ቀንሶ አሰበው፤ ዕድሜውን፣ ግፊቱን፣ ማጨሱን፣ ኮሌስትሮሉን፣ ስኳሩን። የቀረው አደጋ ለልብ ጥቃት 10 እጥፍ፣ ለስትሮክ 8 እጥፍ ገደማ ነበር። ሉፐስ ራሱ፣ በራሱ ስም፣ የደም ቅዳ ጠላት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በኒውዮርክ ሜሪ ሮማን አንገት ላይ ያለውን ደም ቅዳ በአልትራሳውንድ አይታ፣ በሉፐስ ሕሙማን 37 ከመቶ ላይ ክምችት አገኘች፤ ሉፐስ በሌለባቸው 15 ከመቶ ላይ ብቻ።

ደም ቅዳው እንዴት ይጎዳል? የደም ቅዳ ውስጠኛ ሽፋን አንድ ረድፍ ሕዋስ ነው፤ ከሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል። ጤነኛ ሲሆን ደም አይይዝም፣ ስብ አያሳልፍም፣ ሲያስፈልግ ደም ቅዳውን ያላላል። ሲቆጣ ግን ይጣበቃል፤ ኤል.ዲ.ኤል የተባለው ኮሌስትሮል ከሥሩ ይሰርጋል፣ ይበላሻል፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ሊያነሡት ይገባሉ፣ በልተውት ያብጣሉ፣ እዚያው ይቀራሉ። በዓመታት ክምችት ይሆናል። አንድ ቀን ክዳኑ ሲሰነጠቅ ደም ይረጋበታል፤ መንገዱ ይዘጋል። እስከዚህ የማንም ሰው ታሪክ ነው። የሉፐሷ ልዩነት በየእርምጃው የሚገፋ እጅ መኖሩ ነው። ኢንተርፌሮን የተጎዳውን ሽፋን የሚጠግኑትን ሕዋሳት ያደክማል፤ ሲ.አር.ፒን ዝም የሚያሰኘው ያው ኢንተርፌሮን መሆኑን አስተውሉ። ኩላሊቷ ሲታመም ግፊት ይጨምራል። አንዳንዶቹ ደምን የሚያረጉ ፀረ እንግዳ አካላት አሏቸው። ለዓመታት የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎን ደግሞ መቆጣቱን እያበረደ ስኳሩን፣ ክብደቱን፣ ግፊቱን ያነሣል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የኤች.ዲ.ኤል ነገር ነው። ይህ "ጥሩው ኮሌስትሮል" ሲባል የምንሰማው ነው፤ ሥራው ስቡን ከደም ቅዳ ግድግዳ ማንሣትና ኤል.ዲ.ኤል እንዳይበላሽ መጠበቅ ነው። የሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ኤች.ዲ.ኤል በሉፐስ ባሕርዩን እንደሚለውጥ አሳዩ፤ ጠባቂው አባባሽ ይሆናል። እንዲህ የተለወጠው ኤች.ዲ.ኤል ከሉፐስ ሕሙማን በ45 ከመቶ ገደማ ላይ ተገኘ፤ ከጤነኞቹ በ4 ከመቶ ላይ ብቻ። በወረቀት ላይ ግን "ኤች.ዲ.ኤል 50" ተብሎ ይጻፋል፤ መጠኑን እንጂ ጠባዩን አይነግራችሁም። ያን ጠባይ የሚለካ ምርመራ የምርምር ቤት ነገር ነውና ባሕር ዳር ላይ አትፈልጉት።

"ታዲያ ጥቃቅኑን የሚያየው ሲ.አር.ፒስ?" አዎን፣ ጥቂቱን ሲ.አር.ፒ በቁጥር የሚለካ ምርመራ አለ። በጤነኛ ሰው ከ1 በታች ዝቅተኛ፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 በላይ ከፍተኛ የልብ አደጋ ተብሎ ይነበባል። ያ የላቴክስ ጠብታ ከ6 በታች ያለውን ስለማያይ ይህን ሁሉ "ኔጋቲቭ" ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጁፒተር የተባለው ታላቅ ጥናት ኤል.ዲ.ኤላቸው መልካም ሆኖ ሲ.አር.ፒያቸው 2ና ከዚያ በላይ የሆነ 17,802 ሰዎችን መርምሮ፣ ሮሱቫስታቲን የልብና የስትሮክ አደጋን ወደ ግማሽ እንዳቀረበው አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2017 ካንቶስ የተባለው ደግሞ ኮሌስትሮልን ጨርሶ ሳይነካ መቆጣትን ብቻ የሚያበርድ መርፌ፣ አንድ ጊዜ የልብ ጥቃት የደረሰባቸውን ሰዎች ዳግመኛ ከሚመጣው በ15 ከመቶ እንደሚከላከል አሳየ፤ በአንጻሩ የሚገድል ኢንፌክሽን ጨመረ። መቆጣት የደም ቅዳ በሽታ አጃቢ ብቻ ሳይሆን አንዱ ምክንያት መሆኑ በዚያ ታየ።

ነገር ግን ቸኩለን ወደ ባለወረቀቷ አንዝለል። ጁፒተር ሉፐስ ያለባቸውን ሰዎች ከጥናቱ አስወጥቶ ነበር። በባልቲሞር 200 የሉፐስ ሕሙማን አቶርቫስታቲን 40 ሚሊ ግራም ወይም ባዶ ክኒን ለሁለት ዓመት ወስደው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ ሲወጣ የልብ ደም ቅዳ ላይ ያለው የካልሲየም ክምችት አልተለየም። በሉፐስ ሕሙማን ላይ ሲ.አር.ፒ ዝቅ ሲል ምሥክርነቱ ደካማ ነው፤ ከፍ ሲል ደግሞ ልቧ ይሁን የሳንባዋ ሽፋን ይሁን ጥርሷ ይሁን አይለይም። ስታቲን ለሉፐስ ሁሉ የሚታደል አይደለም፤ ኮሌስትሮሏ፣ ኩላሊቷና ሌላው አደጋዋ ሲጠይቅ የሚሰጥ ነው፤ ልጅ ለመፀነስ ያሰበች ከሆነም ከሐኪሟ ጋር አስቀድማ ትነጋገር።

የልብ አደጋ ማስያ ሰንጠረዦችም እንዲሁ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአካባቢያችን ያዘጋጀው ሰንጠረዥ ከ40 ዓመት ይጀምራል፤ ሉፐስ የሚል ሳጥንም የለውም። የ29 ዓመቷ ባለወረቀት በዚያ ውስጥ ቦታ የላትም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኪውሪስክ 3 ግን ሉፐስንም፣ ፕሬድኒሶሎን መውሰድንም ይቆጥራል።

ታዲያ ምን ይደረግላት? እዚህ ላይ የወባ ነገር ይመጣል፤ ጣና ዳር ስለ ወባ የማያውቅ የለምና። በ1950ና 51 ዓ.ም በኢትዮጵያ የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ገደማ እንደገደለ ይገመታል። አያቶቻችን ኪኒንን፣ ወላጆቻችን ክሎሮኪንን ያወቁት እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ፔይን የተባለ የለንደን ሐኪም ኪኒን ለሉፐስ ሽፍታ እንደሚረዳ ጽፎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ደግሞ ፔጅ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሮች ለወባ ይውጡት የነበረውን ሜፓክሪን ለሉፐስ ሰጥቶ መሻሻሉን አሳየ። ከዚያ የክሎሮኪን ዘመድ የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን መጣ። ዛሬ ለሉፐስ ሁሉ መሠረት የሚባለው መድኃኒት እርሱ ነው። ሉፐሱ ደጋግሞ እንዳይነሣ ይይዛል፤ የደም መርጋትን ይቀንሳል፤ ኮሌስትሮልንና ስኳርን በጥቂቱ ያሻሽላል፤ በእርግዝናም አይቋረጥም። መጠኑ በአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ5 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ፤ ዓይን መጀመሪያ ላይ ይታይ፤ አምስት ዓመት ከሞላ በኋላ በየዓመቱ። ከፋርማሲ ሲጠፋ ጊዜ "ያው ነው" ብሎ ክሎሮኪን የሚተካ አለ፤ ያው አይደለም፤ ክሎሮኪን ለዓይን ይከፋል።

ፕሬድኒሶሎንን በተመለከተ ዓላማው በቀን 5 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በታች መድረስ ነው፤ ግን በአንድ ቀን አይጣልም። ሰውነት የራሱን መሥራት ትቶ ቆይቷልና በድንገት ሲቋረጥ ይወድቃል። ጸበል የሚሄዱ ሕሙማን መድኃኒቱን ቤት ትተው ይሄዳሉ። እኔ ጸበልን አልቃወምም፤ ክኒኑም በጸበል ሊዋጥ ይችላል፤ ይህን ብዙ ካህናት ራሳቸው ይናገራሉ።

ግፊት ከ130 በ80 በታች ይሁን። የሽንት ፕሮቲን በየሦስት ወሩ ይታይ፤ ኩላሊት ሳያም የሚሞት አካል ነው። ጨው ይቀንስ፤ ሲጋራ ጨርሶ ይቅር። ጠዋት በጣና ዳርቻ መሄድ ጥሩ ነው፤ ከቀኑ አራት ሰዓት በፊት። አንዱን ግን አጥብቄ እናገራለሁ፦ ዳይክሎፌናክ። ቁርጥማት ሲነሣ ያለ ማዘዣ ገዝቶ መዋጥ፣ ብሶም መወጋት፣ በከተማውም በገጠሩም የተለመደ ነው። ሕመሙን ያስታግሳል፤ በዚያው ግን ግፊትን ያነሣል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የልብ ጥቃት ዕድልን ይጨምራል። ሽንቷ ላይ ፕሮቲን ሁለት ፕላስ ላለባት ሴት ይህ መድኃኒት መርዝ ነው ብል አላጋነንኩም።

አሁን ወደ ወረቀቷ ተመልሰን ያልተጻፈውን እናንብብ። ኢ.ኤስ.አሩም ሲ.አር.ፒውም አንድ ላይ "ሉፐሱ ተነሥቷል፣ ኢንፌክሽን አይመስልም" ይላሉ። ስለ ደም ቅዳዋ ግን ከሁለቱ ይልቅ የሚናገረው ማንም ያላሰመረበት መስመር ነው፤ የሽንቱ ፕሮቲን። ኩላሊቷ ከተነካ ግፊቷ ይነሣል፣ ኮሌስትሮሏ ይጨምራል፣ ደም ቅዳዋም ከዚያ ወዲያ አያርፍም። የደም ግፊቷ ወረቀቱ ላይ የለም፤ ይለካ። ኮሌስትሮሏ የለም፤ ይታዘዝ። የደም መርጋት ፀረ እንግዳ አካላት አልተመረመሩም፤ ፅንስ ጨንግፎባት ያውቅ እንደሆነም አልተጠየቀችም። ኤ.ኤን.ኤ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ፖዘቲቭ መሆኑ ብቻውን ሉፐስ አያሰኝም፤ ጤነኛ ሰውም ሊኖረው ይችላል፤ ከሽፍታው፣ ከመጋጠሚያው፣ ከኩላሊቱ ጋር ሲገጥም ግን ይከብዳል። በኢትዮጵያ የዚህ ሕመም ልዩ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸውና፣ በባሕር ዳር ከፈለገ ሕይወት ወይም ከጥበበ ጊዮን ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ጀምራ፣ ኩላሊቷ ከጠየቀ ወደ ላይ ትላክ።

ወረቀቷን አጥፋ ከመያዟ በፊት ከጀርባዋ ላይ አንድ ነገር በእጅ ይጻፍላት። ደረቷን ከጨነቃት፣ ወይም መንጋጋዋንና ግራ ትከሻዋን ከያዛት፣ ወይም ያለ ምክንያት ላብ አስምጧት ትንፋሽ ካጠራት፣ "ጨጓራ ነው" ብላ ወተት ጠጥታ እንዳትተኛ። በዚያው ሰዓት ሄዳ የልብ ኢ.ሲ.ጂ ትነሣ። "ዕድሜሽ ገና ነው" የሚላት ካለ ወረቀቷን ገልብጣ ታሳየው።